ልጆቼን ደንና አራዊት የት ላሳያቸው ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጆችሽ የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ የሐሩር አገር ደንና ዝንጀሮ አይተው እኛም እንሂድ እያሉ ይዘውሻል። ባለቤትሽ ኬንያ እንሂድ ይላል፣ አንቺ ደግሞ ወጪውን ስታስቢው ልብሽ ይፈራል። «አዲስ አበባ ዙሪያ የረባ ነገር አለ ወይ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ከሥር የተሰጡትን መልሶች አነበብኳቸው፣ አብዛኛው ሰው አዋሽ ፓርክ ሂዱ ብሏል። የእኔ ምክር ለየት ስለሚል ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ የሐሩር ክልል ለማየት ድንበር መሻገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሐሩር ክልል ውስጥ ነን ማለት ነው። ብርዱን ያመጣው ከፍታው ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው የምንኖረው። ታዲያ ይሄ ከፍታ ነው ሌላ አገር የማይገኙ እንስሳትና ወፎች የሰጠን። እኛ የምንኖረው ሰበታ በኩል ነው። ልጆቻችንም ደን ምን እንደሆነ የተማሩት እዚሁ ቅርብ ወጥተው ነው።

ሁለተኛው ነገር ዋናው ነው። ትንንሽ ልጆች ይዘሽ ስትወጪ ቦታውን ሳይሆን እንስሳውን ምረጪ። እንስሳውንም ስትመርጪ ቅጠል ወይም ሣር የሚበላ፣ አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ይሁን። አንበሳ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው ሙቀቱንና መሰልቸቱን ነው። አንድ ዝንጀሮ ፊት ለፊት አንድ ሰዓት የተቀመጠ ልጅ ግን ስለዚያ ዝንጀሮ ወር ሙሉ ያወራል። ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ ዙሪያ ሁለት እንስሳት አሉልሽ፣ ጉሬዛና ጭላዳ።

ጉሬዛን ለማየት መናገሻ ሱባ ደን ሂዱ። ወጨጫ ተራራ ላይ ነው ያለው፣ ተራራው ራሱ የድሮ እሳተ ገሞራ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በአፍሪካ ከቆዩት ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ከከተማው በዚህ ቅርበት እንዲህ ያለ ደን መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሦስት ሰው ተያይዞ የማይከበው ጥድ አለ። ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከፍ ስትሉ ደግሞ ኮሶ ይመጣል። ከዚያም በላይ ዛፉ እያጠረ እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ይቀራል። ልጆቹ በእግራቸው እየወጡ የአየሩን ለውጥ በዛፉ ያዩታል።

አማቴን ይዘናት ስንሄድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚሆነው። የእያንዳንዱን ዛፍ ስምና ጥቅም ታውቃለች። ድሮ ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ ኮሶ ሲይዘው የዚህን ዛፍ አበባ ፈጭቶ በጥብጦ ይጠጣ እንደነበር፣ እንዴት እንደሚመርና ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚያዳክም ስትነግራቸው ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሙት። አያት ካለቻችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ዳገቱን ባትወጣ እንኳ ከታች ዛፎቹ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ጉሬዛው። ጉሬዛ ቅጠል ነው የሚበላው። ቅጠል ብዙ ጉልበት አይሰጥም፣ ለመፈጨትም ጊዜ ይወስዳል። ሆዱ እንደ ላም ክፍል ክፍል አለው። ስለዚህ በልቶ ከጠገበ በኋላ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ለልጆች የሚመቸውም ለዚህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ዛፉ ጫፍ ላይ ወጥተው ይሞቃሉ፣ ያ ነጭ ካባቸው ከሩቅ ይታያል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ያጓራሉ። ድምፁ ከዚያ ሰውነት የወጣ አይመስልም፣ የእኔ ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ሲሰማው አንበሳ ነው ብሎ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እጃቸውን እንዲያዩ ንገሪያቸው፣ አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉት በአራቱ ጣት ነው። ግልገላቸው ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው። ነጩን ግልገል እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ካገኛችሁት እዚያው ተቀመጡ፣ ሌላ ቦታ አትሂዱ። ልጆቹ እስኪጠግቡ ይዩት።

ደኑ ውስጥ የምኒልክ ድኩላም አለ። ወንዱ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፣ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ከወፎቹ ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን አለ፣ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ቱራኮ የሚባለውን አረንጓዴ ወፍ ሲበር ጠብቁት፣ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት። ይሄን ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅሽ ንገሪው፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ለጓደኞቹ እንደሚያወራው እርግጠኛ ነኝ። ነብርም አለ፣ ግን ታያላችሁ ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ለልጆቹም ተስፋ አትስጪ።

ስለ ሱባ ማወቅ ያለብሽ ሌላው፣ ሳማ በየመንገዱ ዳር ነው። ቁምጣ አታልብሺያቸው። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ አስገቢላቸው፣ ከሳማም ከጉንዳንም ያድናቸዋል። ጉንዳን ሰልፍ ይዞ መንገድ ሲያቋርጥ ካገኛችሁ ቆማችሁ እዩት፣ ትልልቆቹ ወታደሮች ዳርና ዳር ቆመው ሲጠብቁ ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰልፉን አትርገጡ። በር ላይ ከፍላችሁ ስትገቡ ስካውት፣ ማለትም የደኑን ጠባቂ፣ ይዛችሁ ግቡ። ጉሬዛው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከሰበታ በኋላ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ። ዝቅ ያለ የቤት መኪና ይዘሽ በሐምሌ አትሞክሪው።

ሁለተኛው፣ ጭላዳን የምታዩበት ቦታ፣ ደብረ ሊባኖስ ነው። በሱሉልታ፣ ጫንጮና ሙከ ጡሪ አልፎ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚሄደው ለገዳሙ ነው፣ አማቴም እንደዛው፣ ተሳልማ ጸበሏን ጠጥታ ነው የምትመጣው። እናንተም ከገዳሙ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፣ ነጠላ መያዝ አትርሺ። ግን ከገዳሙ ወጣ ብሎ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው ጋ ያለው ገደል፣ ለልጅ እንደዚያ ያለ ቦታ በቅርብ የለም። ወንዙ ከድልድዩ ሥር አልፎ ገደሉን ይወርዳል፣ ውሃው መጨረሻው ጀማ ወንዝ ነው፣ ጀማ ደግሞ ለዓባይ ይገብራል። ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ ከዚያም በጣም የቆየ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ልጆቹ ገደሉን ሲያዩ የምድርን ዕድሜ ከላይ ወደ ታች ያዩታል።

ጭላዳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሌሊቱን ነብርና ጅብ እንዳይደርስበት ገደሉ ላይ ተለጥፎ ያድራል። ጠዋት ወደ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርስ ፀጉር ይበጣጠራል፣ ከዚያ ሣር መንጨት ይጀምራል። ሣር ብዙ ካልበሉት ስለማያጠግብ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲነጭ ይውላል። ለዚህ ነው ቀስ ብለሽ ከቀረብሽ ሳይሸሽ አጠገብሽ የሚበላው። ተነስቶ እንኳ አይሄድም፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው ወደሚቀጥለው ሣር የሚጠጋው። ልጆች ይሄን ሲያዩ መሬት ላይ ወድቀው ነው የሚስቁት። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በወንዶቹ ላይ ሲደምቅ መንጋው ውስጥ ጠንካራ መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ ነገር አለ። ምግብ አትስጧቸው። ቆሎም ቢሆን፣ ሙዝም ቢሆን። ሰው የለመደ ዝንጀሮ በኋላ የልጅ እጅ ላይ ያለውን ነው የሚነጥቀው፣ ከዚያ ገበሬው ማሳ ገብቶ በድንጋይ ይባረራል። በአንድ ወቅት መኪና ይዞ የመጣ ቡድን ብስኩት ሲወረውርላቸው አይቼ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ከልጆቹ አንዱ ለጥቂት ነው ከመነከስ የተረፈው። ወንዱ ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ፣ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ዓይኑን ሳታዩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ከገደሉ አፋፍ ደግሞ የአምስት ዓመቷን እጅ ለአንድ ደቂቃ እንዳትለቂ። አጥር የለውም።

እዚያው ቁጭ ብላችሁ ሰማዩንም እዩ። አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው፣ ቅልጥሙን የሚበላው ትልቁ ጥንብ አንሳ ገደሉ ላይ ይዞራል። ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ቁራም አለ።

አዋሽ ፓርክን አልጠላውም። ከ1966 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ፓርክ ነው፣ ሳላ አለ፣ አጋዘን አለ፣ ፏፏቴው ጥሩ ነው። ግን ርቀቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ እንስሳቱም የሚታዩት በመኪና መስኮት ከሩቅ ነው። ልጆቹ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲሞላቸው ይደርሳል። ወንጪ ሐይቅ ውብ ነው፣ ለአዳር ካሰባችሁ እሱን ነው የምመርጠው፣ ግን እዚያ የሚታየው መልክዓ ምድሩ እንጂ አራዊቱ አይደለም። ቢሾፍቱ ለወፍ ጥሩ ነው፣ ሪዞርቱ ውስጥ ሳይሆን ጨለለቃ ረግረጉ ዳር ጠዋት ከቆማችሁ።

ስለ ወጪ ጠይቀሻል። ዋጋ አልጽፍልሽም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል። ግን ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ብትይዙ ይቀላችኋል። ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገሩ የመነሻ ሰዓቱን አጥብቃችሁ ተነጋገሩ፣ ሁለቱም እንስሳት የጠዋት ናቸው። አንድ ሹፌር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶልን ስንደርስ ፀሐይ መሞቁ አልፎ መንጋው ተበትኖ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ነው። ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙስ ያዢ፣ ሱባ ውስጥ የሚሸጥ ምግብ አለ ብለሽ አትተማመኚ። ጃኬት ለሁሉም፣ ጠዋት ሁለቱም ቦታ ይበርዳል። የተረፈውን ፌስታልና ላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ።

ከመውጣታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። የምታውቂው ሰው ከሌለ መናኸሪያ ሄደሽ የዚያን መስመር ሹፌሮች ጠይቂ፣ በትክክል ይነግሩሻል። ደህና አይደለም ካሉ ሳምንቱን አስተላልፉት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥቅምት ለሁለቱም ጥሩ ነው፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ደርቋል። ለግማሽ ዓመት እረፍት ካሰብሽው ሱባን አስቀድሚ፣ በበጋ ጥላ ያለው እሱ ነው። ደብረ ሊባኖስ በዚያን ሰዓት ሣሩ ይደርቃል፣ ጭላዳዎቹም ሥር ፍለጋ መሬት ሲቆፍሩ ነው የምታገኟቸው፣ እሱም ቢሆን ለልጆቹ የሚታይ ነው።