የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማዕረግ እያለው ምርኮኛ ያልተባለው መኮንን

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይን አርበኞች ሊረዳ ገብቶ በጀርመኖች እጅ ስለወደቀው እንግሊዛዊ የአየር ኃይል መኮንን፣ ስለ ፎረስት ዮ-ቶማስ ሰማሁ። የማዕረግ ባለቤት ሆኖ ሳለ የጦር ምርኮኛ መብት ያልተጠበቀለት ለምንድን ነው? አብራሪስ ነበር ወይ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በሁለተኛው ጥያቄዎ ብንጀምር ለመጀመሪያውም መንገድ ይከፍትልናል። ዮ-ቶማስ የአየር ኃይሉን ማዕረግ ይያዝ እንጂ አውሮፕላን እያበረረ የተዋጋ ሰው አልነበረም፤ በፈረንሳይ ያደገና ከጦርነቱ በፊት በፓሪስ በአንድ የታወቀ የፋሽን ቤት ይሠራ የነበረ ስለሆነ ፈረንሳይኛው እንደ አገሬው ነበር፤ በስውር ወደ ጠላት ወረዳ ከሚላኩት ጋር የተመረጠውም በዚሁ ነው። አያቶቻችን በጣልያን ጊዜ በሰጡት ስም ብንጠራው የውስጥ አርበኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1944 መጀመሪያ ቸርችል ዘንድ ቀርቦ ለአርበኞቹ መሣሪያ እንዲጨመርላቸው ከጠየቀ በኋላ፣ በዚያው ወር ለሦስተኛ ጊዜ በፓራሹት ፈረንሳይ ወረደ፤ ያጣደፈውም የትግል ጓደኛው ፒየር ብሮሶሌት መታሰሩ ነበር። ማርች 21 ቀን በፓሪስ ፓሲ የባቡር ጣቢያ ሊያገኘው የቀጠረው መልእክተኛ ቀድሞ ተይዞ ኖሮ፣ በቀጠሮው ቦታ የጠበቁት ጌስታፖዎች (የናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊሶች) ሆኑ። በማግስቱ ብሮሶሌት ከጌስታፖ ቢሮ መስኮት ራሱን ወርውሮ ሞተ። ዮ-ቶማስን ግን እጅ እግሩን በሰንሰለት አስረው በረዶ በሆነ ውኃ እየነከሩ መረመሩት፤ ሰንሰለቱ አንጓው ላይ ጠብቆ ቁስሉ ከመመረዙ የተነሣ ግራ እጁን ሊያጣ ለጥቂት ተረፈ። የሚሹትን ግን አላገኙም።

አሁን ወደ መብቱ እንምጣ። የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የጦር ምርኮኛ የሆነው የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በግልጽ የተዋጋ ስለነበር ነው። በ1907ቱ (እ.ኤ.አ.) የሄግ ዓለም አቀፍ የጦርነት ደንብ ግን ማንነቱን ደብቆ በጠላት ወረዳ መረጃ የሚሰበስብ ሰው፣ ማዕረግ ቢኖረውም፣ እንደ ሰላይ ይቆጠራል። ዮ-ቶማስ ይህን ስለሚያውቅ ዶድኪን የተባለ የአየር ኃይል መኮንን ነኝ ብሎ የሌላ ሰው ስም ሰጠ፤ ነገር ግን ከቅጣት አላዳነውም። እኛ እንደሚመስለን ዋናው ጥፋት ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ያው ደንብ ሰላይም ቢሆን ሳይዳኝ አይቀጣም ይላልና። ከእርሱ ጋር ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ከተወሰዱት 37 ሰዎች መካከል 16ቱ በሴፕቴምበር 1944 ያለ ፍርድ ተሰቀሉ።

እርሱ የተረፈው በካምፑ ውስጥ በነበሩ እስረኞች ብልሃት በታይፈስ የሞተ ፈረንሳዊ ስም ተሰጥቶት ነው፤ በካምፑ መዝገብ ላይ ሟቹ ዶድኪን ሆነ። በኤፕሪል 1945 አምልጦ አገሩ ገባ፤ በ1946 ደግሞ የጆርጅ መስቀል ኒሻን በእውነተኛ ስሙ ተሸለመ።