ሮክ ሙዚቃ የሚሰማ ልጄ ነፍሰ ገዳይ ይሆንብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው በአሜሪካ ዴንቨር ነው። የ16 ዓመት ልጄ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ፣ በሩን ዘግቶ ሮክ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ይውላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እዚሁ አቅራቢያ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ተማሪ የፈጁትም እንዲህ ያለ ሙዚቃ ይሰሙ ነበር» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ጋር ይሁን። እንቅልፍ ከነሣዎት ነገር ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኮለምባይን ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገድለው ራሳቸውን ባጠፉ ጊዜ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመገናኛ ብዙኃን ጣት ማሪሊን ማንሰን በተባለው የሮክ ዘፋኝ ላይ ተቀሰረ። ውሎ አድሮ ግን ገዳዮቹ የእርሱ አድናቂዎች እንዳልነበሩ ታወቀ። ሌሎች ጩኸታም ባንዶችን ይሰሙ እንደነበር አልክድም፤ ያንኑ ሙዚቃ ግን እልፍ አእላፍ ወጣቶች ሰምተው ማንንም ሳይነኩ አድገዋል። የገዳዮቹ ማስታወሻ በጥላቻ የተሞላ ነበር፤ ጥፋቱንም ለረጅም ጊዜ ሲዶልቱ ቆይተዋል።

ከዚህ የከፋውን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1993 በአርካንሳስ ግዛት፣ በዌስት ሜምፊስ ከተማ ሦስት የ8 ዓመት ሕፃናት ተገድለው ሲገኙ፣ ሐዘኑ ላይ የሰይጣን አምልኮ ወሬ ተጨመረበትና ሦስት ጎረምሶች ተያዙ። አንደኛው በምርመራ ላይ ሰጥቶ ኋላ ካስተባበለው ቃል ሌላ፣ በችሎት ከተነሡባቸው ነገሮች መካከል ጥቁር ልብሳቸውና የሚያዳምጡት ሄቪ ሜታል የተባለ ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ ይገኙበታል። ልጅዎ ጠዋት ከቁም ሣጥኑ የሚያወጣውን ያን ካናቴራ በፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይዩት። በአንዱ ሞት፣ በሁለቱ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ኋላ የተደረገው የዘረመል ምርመራ ከቦታው ጋር አላገናኛቸውም፤ ንጹሕ ነን እንዳሉ ከዐቃቤ ሕግ ጋር በተደረገ ስምምነት በ2011 ሲፈቱ 18 ዓመት ታስረው ነበር። ለሕፃናቱ ደምም ሌላ ተጠያቂ አልተገኘም። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ በወሬና በልብስ ተነሥተን የምንፈርደውንም ይይዛል።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4ን ያንብቡ። ቃየን ወንድሙን ሲገድል፣ በገናና መሰንቆ ለሚይዙ አባት የሆነው ዩባል ገና አልተወለደም። ሳኦልም ጦር የወረወረው ዳዊት በገና እየደረደረለት ሳለ ነው፤ ቅንዓቱ ያን የመሰለ ዜማ እንኳ አልበገረውም። ጌታችንም መግደል «ከሰው ልብ» እንደሚወጣ ተናግሯል።

ይህን ማለቴ ግን ሙዚቃውን ሁሉ ለማጽደቅ አይደለም። ሐዋርያው በገላትያ ምዕራፍ 5 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል፤ መግደልንም እዚያው ቆጥሮታል፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳል ግን አላለም። ስድብን፣ ዝሙትን ወይም ደም ማፍሰስን የሚያሞካሽ ግጥም ጸሎትን ያደክማልና ለክርስቲያን አይበጅም፤ ይህም ጊታር ለሚመታበትም ሆነ በአማርኛ ለሚዘፈነው እኩል ይሠራል። እኛ የምናውቀውን ቋንቋ ይቅር እያልን የባዕዱን ብቻ መኰነናችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ በሩን አንኳኩተው ይግቡ፤ ከጆሮ ማዳመጫው አንዱን ይቀበሉትና አብረውት ይስሙ። ግጥሙ ምን እንደሚል፣ ለምን እንደወደደው ይጠይቁት፤ እስኪጨርስ አያቋርጡት። ሰው መግደልን ወይም መሞትን ከተናገረ፣ በትምህርት ቤት የሚያሠቃየው ካለ፣ መሣሪያ ካሻ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያድሩ ለትምህርት ቤቱና ለሐኪም ያሳውቁ፤ ጸሎቱም ጠበሉም ከዚያው ጋር ይሂድ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ካናቴራውን አይንጠቁት። ከንስሐ አባቱ ጋር ሲገናኝም ስለ ሙዚቃው ራሱ ይናገር እንጂ እርስዎ ቀድመው አይክሰሱት።