እሳቱ እየነደደ ቴርሞሜትሩ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ተማሪ ነኝ። የተፈጨ በረዶ ድስት ውስጥ አድርጌ ቴርሞሜትር ከትቼበት ጣድኩት። ከዜሮ በታች የነበረው ቁጥር ወጣ ወጣ አለና 0 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ እሳት ብጨምርም እያማሰልኩ ብጠብቅም ያው ነው፣ በረዶው ግን እየቀለጠ ነው። ሙቀቱ የት ገባ? ቴርሞሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቴርሞሜትርህ ደህና ነው አትጣለው። ማማሰልህም ጥሩ አደረግክ፣ ባታማስለው ኖሮ ከስር ያለው ውሃ ብቻውን ይሞቅና ቁጥሩ ያወዛግብህ ነበር።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ቴርሞሜትር የሚያሳይህ ሞለኪውሎቹ (በረዶውም ውሃውም የተሰራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጡ ነው እንጂ የገባውን ሙቀት በሙሉ አይቆጥርልህም። በረዶ ውስጥ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፣ እዛው ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ወዲያ ወዲህ አይሉም። ሙቀት ስትሰጣቸው መጀመሪያ መንቀጥቀጡ ይጨምራል ቁጥሩም ይወጣል፣ 0 ላይ ሲደርስ ግን የሚገባው ሙቀት ሁሉ ያንን መያያዝ ለማላላት ይውላል፣ ለቴርሞሜትሩ የሚተርፍ ነገር የለም በቃ። እሳት ስትጨምር የሚፈጥነው መቅለጡ ብቻ ነው።

ደሞ ትንሽ ሙቀት እንዳይመስልህ። 1 ኪሎ በረዶን እዛው 0 ዲግሪ ላይ ወደ ውሃ ለመቀየር 334 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል (ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው፣ ኪሎጁል 1000 ጁል ማለት ነው)፣ በዚሁ ኢነርጂ 1 ኪሎ ውሃ ከ0 ተነስተህ 80 ዲግሪ አካባቢ ታደርስበታለህ! ይሄን ነገር በ1760ዎቹ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ ለክቶ ደርሶበታል፣ ቴርሞሜትር ላይ ስለማይታይ ድብቅ ሙቀት አለው።

ትዕግስት ካለህ ድስቱን አታውርደው፣ ሲፈላ ቁጥሩ ድጋሚ ይቆምልሃል። ባህር ጠለል አካባቢ ከሆንክ 100 ላይ፣ ከፍታ ቦታ ከሆንክ ደሞ አየሩ ውሃውን የሚጫንበት ግፊት ስለሚቀንስ ከዛ ዝቅ ብሎ። የሁለተኛው ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እየተንሸራተቱም ቢሆን አንድ ላይ ናቸው፣ ጋዝ ለመሆን ጨርሰው መለያየት አለባቸው፣ ለ1 ኪሎ ውሃ 2257 ኪሎጁል ገደማ ነው የሚበላው። ስለዚህ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማጋጋል ቶሎ እንዲያልቅ ያደርገዋል እንጂ አያሞቀውም፣ ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም።

ጥያቄ፦ እንፋሎት ከፈላ ውሃ የበለጠ ያቃጥላል ይባላል። ሁለቱም 100 ዲግሪ አይደሉም እንዴ? (አንዲት እናት)

መልስ፦ እውነት ነው እናቴ። ከላይ ያልነው 2257 ጠፍቶ አልቀረም፣ እንፋሎቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆንና የተሸከመውን እዛው ያራግፈዋል። 1 ግራም የፈላ ውሃ ወደ ሰውነት ሙቀት እስኪወርድ የሚለቀው 260 ጁል አካባቢ ነው፣ 1 ግራም እንፋሎት ግን 2500 ገደማ፣ ወደ አስር እጥፍ ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ከማንቆርቆሪያው አፍ ራቅ ብሎ የሚታየው ነጭ ነገር ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ የተለወጠው ነው። ዋናው እንፋሎት በነጩና በማንቆርቆሪያው አፍ መሀል ያለው፣ ባዶ የሚመስለው ቦታ ላይ ነው ያለው፣ በአይን አይታይም፣ እጅዎን እዛ ጋ እንዳያስገቡ።