ከከርዳዳ እስከ ዞማ፦ ስለ ዕለታዊ የፀጉር አያያዝ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጎንደር አራዳ አካባቢ የምንኖር ሴቶች በየወሩ የምንገናኝበት ማኅበር አለን። ባለፈው ወር ስለ ፀጉር አያያዝ እንድናገር ተጠይቄ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ከጊዜው በላይ ስለሆነ፣ ከአባላትና ከቤተሰቦቻቸው በወረቀት የደረሱኝን ወስጄ በጽሑፍ ልመልስ ቃል ገባሁ። በፀጉር ሥራ ላይ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ ግን የሐኪም ጉዳይ የሆነውን ለይቼ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ፀጉር ከርዳዳ ነው፤ ልጄ ግን በአባቷ ወጥታ ፀጉሯ ዞማ ነው። ሁለታችንም በአንድ ሻምፖ፣ በየሦስት ቀኑ እንታጠባለን። የእሷ ያምራል፤ የእኔ ግን ደርቆ ይሰባበራል። ምን አጥፍቼ ነው?

ያጠፋሽው ነገር ቢኖር ለሁለት የተለያየ ፀጉር አንድ ሥርዓት ማውጣትሽ ብቻ ነው። የራስ ቆዳ በየፀጉሩ ሥር ወዝ ያመነጫል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሲሆን ወዙ የሚያግደው ነገር ስለሌለ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል፤ ዞማ ፀጉር ሳይታጠብ ሦስትና አራት ቀን ሲቆይ የሚተኛውና የሚያብለጨልጨው በዚህ ምክንያት ነው። ከርዳዳ ፀጉር ግን ከቆዳው ሥር ጀምሮ ተጠማዝዞ የሚወጣ፣ ዘለላውም ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ፣ ወዙ በየጥምዝምዙ እየተያዘ ጫፉ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ዘለላው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ደካማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ጠንካራ ነው ሲባል ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይህን ያመነ ሰው በኃይል ያበጥረዋል፣ በኃይል ይስበዋል፤ እሱ ግን ከሁሉም ይልቅ ቀስታን የሚፈልግ ፀጉር ነው።

ስለዚህ ልጅሽ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ትታጠብ፤ አንቺ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢዘገይ በየአሥር ቀኑ ታጠቢ። ፀጉሩ ጥቅልል ያለ፣ ማለትም ከሁለታችሁ መካከል የሆነ ሰው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሻምፖው ለራስ ቆዳ ነው፤ ጫፉን የምታጥበው ሲወርድ የሚያልፍባት አረፋ ብቻ ናት። ኮንዲሽነሩን ልጅሽ ከጆሮዋ በታች ያለውን ብቻ ትቀባ፤ አንቺ ግን ፀጉርሽን በሙሉ አዳርሺው። ማበጠር ላይም ትለያያላችሁ፦ ዞማ ፀጉር እርጥብ ሳለ ስለሚለጠጥና ስለሚበጠስ ትንሽ እስኪደርቅ መታገሥ ይገባል፤ ከርዳዳ ፀጉር ግን በደረቁ ሲበጠር ስለሚሰበር፣ ኮንዲሽነሩ ሳይለቅ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየተወጣ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ሁሉ ማጠብ እንዴት ይቻላል? እኔ ጀሪካን ቆጥሬ ነው የምኖረው።

ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ፀጉር የሚሰጥ ምክር ሁሉ ቧንቧው ቀኑን ሙሉ እንደሚወርድ አድርጎ ይናገራል። እኔ ራሴ በሥራ ቤቴ ውሃ ሲጠፋ የምጠቀምበትን ዘዴ ልንገርዎ። ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይውሰዱና ክዳኑን በጋለ መርፌ ሦስት አራት ቦታ ይብሱት። በውስጡ አንድ እጅ ሻምፖ በአራት እጅ ለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡ። ፀጉሩን አራት ቦታ ከፍለው ይሰሩት፤ ከዚያም የጠርሙሱን አፍ በየክፍሉ ሥር እያስጠጉ ቆዳውን ብቻ ያርሱና በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ ያሹት። የተበጠበጠ ሻምፖ ቶሎ ስለሚለቅ፣ አምስት ሊትር ውሃ በማንቆርቆሪያ እየወረደ መካከለኛ ርዝመት ላለው ፀጉር ይበቃል። ኮንዲሽነሩ ሲለቅ የሚወርደውን የመጨረሻ ውሃ ሳፋ ውስጥ ቢያጠራቅሙት ለወለል ይሆናል።

በክረምት የዝናብ ውሃ ካጠራቀሙ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስለሚይዝ ሻምፖው እሺ ብሎ አረፋ አይሰጥም፤ በፀጉሩም ላይ የሚያሻክር ነገር ይተዋል። የዝናብ ውሃ ግን ይህ የለበትም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታው ይቀዘቅዛል። እርጥብ ፀጉር ይዞ ማደር ብርዱም ክፉ ነው፣ ፀጉሩም በትራስ ላይ እየተፈተገ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ከቀትር በፊት መታጠብን ያስለምዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቅቤን የሚያህል የለም ትላለች። የፀጉር ቤት ልጆች ደግሞ ይሸታል፣ ፎረፎር ያመጣል ይላሉ። ማንን ልስማ?

ሁለቱንም በየቦታቸው ስሚያቸው። ለጋ ቅቤ ለደረቅ ፀጉር ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሥራው እርጥበት መስጠት ሳይሆን ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ መክደን ነው። በጋ ላይ፣ አየሩ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ በሚደርቅበት ወቅት፣ ፍጹም ደረቅ በሆነ ፀጉር ላይ ቅቤ የምትጭን ሴት ባዶ እንስራ እንደምትከድን ናት። ፀጉርሽን ታጥበሽ ወይም ቢያንስ በውሃ አርሰሽ፣ ውሃው መንጠባጠብ ሲያቆም፣ ትንሽ ቅቤ በመዳፍሽ አቅልጠሽ ከመካከል እስከ ጫፍ ቀቢው። ያልተነጠረ፣ ቅመምና ጨው ያልነካው ለጋ ይሁን፤ ከሰነበተ ግን የሚሸተው ፀጉርሽ ሳይሆን ቅቤው ነው። ሌላው መንገድ ከመታጠብ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ተቀብቶ ሻሽ ማሰርና ከዚያ በለብታ ውሃና በሻምፖ ማስለቀቅ ነው፤ በሥራ ቀን ሽታውን ለሚፈሩ የምመክረው ይህን ነው።

የፀጉር ቤት ልጆች እውነት የሚናገሩት ስለ ራስ ቆዳ ሲሆን ነው። ፎረፎር ያለበት ሰው ቆዳው ላይ የሚኖር፣ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ አለ፤ ይህ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ ፎረፎር ባለበት ቆዳ ላይ ቅቤም ሆነ ዘይት ማፍሰስ ፈንገሱን መቀለብ ይሆናል።

ስለ ዘይቶችም ስለጠየቃችሁኝ፦ የኮኮናት ዘይት ወደ ዘለላው ውስጥ ስለሚገባ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉሩ በእጥበት ጊዜ የሚያጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል። የጉሎ ዘይት ወፍራም በመሆኑ ጫፍን ይሸፍናል፤ አዲስ ፀጉር ያበቅላል የሚባለውን ግን አላምንበትም። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ «የእኔ አያድግም» የሚሉኝ ደንበኞች አብዛኞቹ ከሥሩ የሚያድገውን ያህል ከጫፉ የሚሰበርባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ሻምፖ ተወደደ። በልብስ ሳሙና መታጠብ ጉዳት አለው?

አለው። የራስ ቆዳ መጠነኛ አሲድነት አለው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ 5.5 አካባቢ ነው። ጠጣር ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። ይህም የዘለላውን ቅርፊት ስለሚከፍተው ፀጉሩ ይሻክራል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ርካሽ ሻምፖ በውሃ ተበጥብጦ ከውድ ሳሙና ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ሹሩባ ስሠራ ሁልጊዜ ሁለት ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘንድሮ ደግሞ ግንባሬ ላይ ፀጉሬ ሲሸሽ አየሁ። ባለቤቴም እንደ አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ልሠራ ይላል። ልከልክለው?

አትከልክይው፤ አንቺም ሹሩባን አትተይ። ለከተራና ለጥምቀት በሹሩባ አምሮ መውጣት የከተማችን ወግ ነው፤ በልኩ የተሠራ ሹሩባም ፀጉርን ከመፈተግና በየቀኑ ከመበጠር ያሳርፋል። ጥፋቱ ያለው ከመጠን በላይ ማጥበቁ ላይ ነው። «ሲጠብቅ ይቆያል» የሚለው አባባል ስንት ሴት ግንባሯን እንዳሳጣት በዓይኔ ስላየሁ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ ቃል መናገር አልችልም። እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ሹሩባው ማማሩን የሚያሳይ ሳይሆን የፀጉሩ ሥር እየተነቀለ መሆኑን የሚናገር ነው። ከተሠራሽ በኋላ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ትናንሽ ብጉር ከወጣ፣ ወይም ቅንድብሽን ስታነሺ ቆዳው ከተወጠረ፣ በዚያው ምሽት ፍቺው፤ የከፈልሽው ገንዘብ አያሳዝንሽ።

ለሠሪዋ አስቀድመሽ ንገሪያት፦ የግንባር ዳር ያሉትን ለጋ ፀጉሮች አትሰብስቢ፣ ሥሩን ላላ አድርገሽ ጀምሪ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ከጨመርሽ ክብደቱን ቀንሺ በያት። ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆዪው፤ ከፈታሽ በኋላ ሌላ ከመሠራትሽ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳርፊው። ሲፈታ ብዙ ፀጉር በእጅሽ ቢመጣ አትደንግጪ፤ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ በተፈጥሮ ስለሚረግፍበት፣ በሹሩባው ውስጥ ታስሮ የቆየው አንድ ላይ መውጣቱ ነው። የግንባርሽ ግን ሌላ ነገር ነው። መሳቡ አሁን ከቆመ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ስለሚቀር የትኛውም ቅባት አይመልሰውም። ትናንሽ ልጆችን በተመለከተ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ እለምናለሁ፤ አንድ ሕፃን ሲሠራ ካለቀሰ ቸኩሎ ማስጨረስ ሳይሆን እጅን ማላላት ይገባል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጎፈሬ አሳድጌ ነበር፤ አሁን ግን ራሴን ያሳክከኛል፣ ትከሻዬ ላይም ነጭ ነገር ይረግፋል። መላጨት ይሻለኛል?

መላጨት አያስፈልግህም። ከመድኃኒት ቤት ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለበትን ሻምፖ ጠይቅ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቆዳህን እሽበትና ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አቆይተህ አስለቅቀው፤ ብዙ ሰው ወዲያው ስለሚያስለቅቀው ነው አልሠራልኝም የሚለው። ይህን እስከ አራት ሳምንት ቀጥልና ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ተጠቀምበት። ሻምፖው ፀጉርን ስለሚያደርቅ ጎፈሬህን ከቆዳው አርቀህ በኮንዲሽነር አለስልሰው። ካልተሻለህ፣ ወይም ቆዳህ ከቀላና ካቆሰለ፣ የቆዳ ሐኪም ይይህ።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ ፒያስትራ እደረጋለሁ፤ አሁን ደግሞ ሪላክሰር ልጨምር አስቤያለሁ።

ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጊ ብዬ ልጀምር። የፒያስትራ ሙቀት ለስላሳና ቀጭን ለሆነ ፀጉር ከ150 ዲግሪ፣ ለወፍራም ደግሞ ከ180 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል፤ ፀጉሩም ሙሉ በሙሉ የደረቀ ይሁን። ጭስ ሲወጣና ሲንጣጣ ከሰማሽ በዘለላው ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ የነበረውን በየሦስት ሳምንቱ አድርጊው፤ በመካከሉ በቢጎዲን ጠቅልለሽ ካስክ ብትገቢ ሙቀቱ ይለዝባል።

ሪላክሰር ቀጥ የሚያደርገው የዘለላውን ውስጣዊ ትስስር በጣጥሶ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ አይመለስም። ፒኤቹ ከ12 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ቆዳ ያቃጥላል። ሥራ በጀመርኩበት ፀጉር ቤት፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ አቆይተውብኝ ማጅራቴ ላይ ቆስዬ ነበር፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ ሳስቷል። ከወሰንሽ ከመሠራትሽ በፊት ቆዳሽን አታሳኪ፣ በዋዜማው አትታጠቢ፤ ካቃጠለሽ «ትንሽ ቻይው» የሚልሽን አትስሚ። ከዚያ በኋላ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ፣ ከስምንት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሳይሆን፣ ይደገማል።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ አራት ወር ሆነኝ፤ ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፋል። ልጁን ስለማጠባ ነው ይሉኛል።

በማጥባትሽ አይደለም፤ ስለዚህም ብለሽ ልጁን ጡት እንዳታስጥዪ። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወሊድ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ወር መካከል ያ ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ አጥብቀሽ አትሰሪው። ድካም፣ ራስ ማዞርና የፊት መገርጣት ካለብሽ ግን ደምሽን ተመርመሪ፤ የብረት ማነስም ፀጉር ያረግፋል።

ጥያቄ፦ ሽበቴን ጥቁር ቀለም ስቀባ ፊቴ አበጠ። ሂና ብሆንስ?

እማማ፣ ያበጠብዎትን ቀለም ዳግመኛ አይንኩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ይሆናል። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀይ ቡናማ ቀለም ነው፤ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ያንኑ የሚያሳብጥ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ይጠንቀቁ። ማንኛውንም ቀለም ከጆሮዎ ጀርባ ትንሽ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ራስ ላይ ፀጉሩ የተመለጠ ክብ ቦታ ወጣ። ነጭ ሽንኩርት እያሸሁለት ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል። የሚገልጹት ቆረቆር ይመስለኛል። ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ሐኪም የሚያዝዘው፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ወንድሞቹንና እኅቶቹንም አብረው ያሳዩ። ማበጠሪያውን፣ ባርኔጣውንና ፎጣውን ለብቻው ያድርጉለት፤ ፀጉሩን የሚያስተካክሉበት ቤትም ማሽኑን ከእሱ በኋላ እንዲያጸዳ ሳያፍሩ ይናገሩ።