«ተሸነፉ»፣ «ተባረሩ» ወይስ «ለቀቁ»?

ጥያቄ፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስጽፍ «የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሊን በፓርላማ ድምፅ ተሸንፈው ከሥልጣን ተባረሩ» አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ «ለቀቁ ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። ሌላው ደግሞ «መንግሥት ተገለበጠ በል» አለኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ መጀመሪያ «ተሸንፈው»ን ያውጡት። ቻምበርሊን አልተሸነፉም። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1940 ማታ ድምፅ ሲቆጠር 281 ለ200 አሸንፈዋል። የጎዳቸው ሌላ ነው። በደህናው ጊዜ ከ200 በላይ የነበረው የድምፅ ብልጫቸው ወደ 81 ወረደ። 40 ያህል የራሳቸው ወገኖች ከተቃዋሚዎች ጋር ቆሙ፤ ብዙዎችም ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ።

ክርክሩን ያስነሣው የእንግሊዝ ጦር በኖርዌይ የደረሰበት ሽንፈት ነበር። ክፉኛ የተናገሯቸው ደግሞ የገዛ ፓርቲያቸው ሰው ሊዮ ኤመሪ ናቸው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጦር መሪ ክሮምዌል ለፓርላማው የተናገረውን ጠቅሰው «በእግዚአብሔር ስም፣ ሂዱ!» አሉ። ይህን ሲጠቅሱ «ሂድ» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ክሮምዌል የተናገረው ለብዙ ሰው ነው፤ ኤመሪም ያነጣጠሩት በካቢኔው ሁሉ ላይ ነው።

ወደ ግሱ እንመለስ። «ተባረረ» ሲባል አባራሪ አለቃ አለ ማለት ነው። ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ግን መልቀቂያቸውን ተቀበሉ እንጂ አላባረሯቸውም። «ለቀቁ» ስሕተት የለበትም፤ ብቻውን ሲቆም ግን በገዛ ፈቃዳቸው የሄዱ ያስመስላል። ጀርመን ወደ ቤልጂግና ሆላንድ በገባች ዕለት፣ ሜይ 10 ጠዋት እንኳ፣ የመቆየት ሐሳብ ነበራቸው። ጥምር መንግሥት እንዲገባ የተጠየቀው ተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ «በእሳቸው ሥር አንሠራም» ሲል ነው ነገሩ ያበቃው። እኔ ብሆን «በድምፅ ቢያሸንፉም ሥልጣን ለመልቀቅ ተገደዱ» እላለሁ። ያቺ «ቢ...ም» የዚያን ሌሊት ታሪክ በሙሉ ትይዛለች። «ተሸንፈው» ካሉ ግን አንባቢው ምክንያቱን ከዚያው ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሐሰት ይሆናል።

«መንግሥት ተገለበጠ» በፍጹም አይሆንም። ዙፋኑም ፓርላማውም እንዳለ ነው። ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ቻምበርሊን ራሳቸው አዲሱ ካቢኔ ውስጥ ገብተዋል። «ካቢኔው ወረደ» ይበቃል። በእኛም አገር በየካቲት 1966 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሲወርድ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ «ተገለበጠ» የሚባለው የመስከረም 1967ቱ ነው።