በክረምት ጮቄ ስትወጡ በዝናብ እንዳትርሱ፦ ጠይቁኝ

በሐምሌ የጎጃሙን ጮቄ ተራራ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ ዝናቡንና ብርዱን በተመለከተ ያላችሁን አምጡ። ስለ ሆቴልና ስለ መኪና አልመልስም።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያ፣ ሹራብ ላይ ጋቢ ብደርብ ይበቃኛል?

መልስ፦ ጋቢህን ቤት ተወው። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ የገላህን ሙቀት ይመጥጣል። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 0.65 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አንተ ያለህበት 2,400 ሜትር ግድም ነው፤ ጫፉ ከ4,000 ያልፋል። 10 ዲግሪ ተቀነሰብህ ማለት ነው፣ ነፋሱን ሳልቆጥር። ሱፍ ግን ርሶም ያሞቃል፤ በርኖስና ባና የደጋ ልብስ የሆኑት በከንቱ አይደለም። እረኛው ከላይ የሚደርበውን የሣር ገሳስ አይታችሁታል? ሣሩ ቁልቁል ስለሚዘነፍል ጠብታው ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ላብ አያፍንም። ይህን የሚስተካከል ፕላስቲክ አላየሁም።

ከባሕር ዳር፦ የዝናብ ልብሴ ቀዳዳ የለውም፤ ውስጤ ግን ራሰ።

መልስ፦ ላብህ ነው። ስትነሣ ትንሽ ይብረድህ፤ ዳገቱ ያሞቅሃል። ጎሬቴክስ የሚባለው ዝናብ የማያስገባ፣ የላብ እንፋሎት የሚያሳልፍ ጨርቅም ቢሆን እንፋሎት የሚያስወጣው ላዩ ካልራሰ ነው፤ ሲቆሽሽ ውኃ መግፋቱን ያቆማል፣ እጠበው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጫማዬስ?

መልስ፦ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። እሳት ዳር አታድርገው። ትርፍ ካልሲ በፌስታል ያዝ።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያቴ ግን አንድ መለኪያ አረቄ ሳይጠጡ ጮቄን አይረግጡም ነበር።

ከቢቸና፦ አያትህ በበቅሎ ነው የሚሄዱት!

መልስ፦ አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋዋል፤ የሞቀህ ሲመስልህ ሙቀትህ እየወጣ ነው። ይልቅ ባልንጀራችሁ ከተደናቀፈ፣ ምላሱ ከተያያዘ፣ በተለይ መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመ፣ ቶሎ ከነፋስ አስጠልላችሁ እርጥቡን አውልቁለትና በደረቅ ሸፍኑት። ሐኪም ጥሩ።

ከባሕር ዳር፦ በረዶ ላይ ስኪ የሚንሸራተቱትስ ብርዱን እንዴት ይችሉታል? ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሮ የለ?

ከቢቸና፦ በ1998 ነው።

ከባሕር ዳር፦ 2006 ነው፣ ፈልገህ አንብብ።

መልስ፦ የዘመን አቆጣጠራችሁን ወዲያ ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በስኪም ቢሆን ገላ ላይ ጥጥ አይለበስም፤ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ። ሌላውን እኔን አትጠይቁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋቢውን ከፕላስቲኩ ሥር ብለብሰውስ?

መልስ፦ በላብህ ይርሳል አልኩ እኮ! ጋቢ ለማታ ነው፤ ወርደህ፣ ልብስ ቀይረህ፣ ምድጃ ዳር ስትቀመጥ።