ለወረሱት ጠመንጃ የሚሆን ዘይት
ወንድሜ፣ ከአባትዎ የወረሱትን ጠመንጃ በአንድ ዘይት ማጽዳትም ከዝገት መጠበቅም ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል። የእኔ ምርጫ ከ100 ዓመት በፊት በጀርመን አገር ለጦር ሠራዊት ተብሎ የተሠራው ባሊስቶል ነው፤ በመጠኑ አልካሊነት ስላለው ከእጅ ላብ የሚመጣውን አሲድ ያመክናል፣ የእንጨት ሰደፉንም አይጎዳም። ደብሊው ዲ 40 የተባለው በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚረጭ ቅባት እርጥበትን ቢያባርርም የሚተወው ሽፋን ስስ ስለሆነ፣ ክረምቱን ጉም በማይለያት በደሴያችን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ አላምነውም። ከጋራዥ የሚገኘውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን እባክዎ አያስነኩት፤ አሲድና የብረት ብናኝ አለበት። ጥይት አለመኖሩን ደጋግመው ካረጋገጡ በኋላ ነጭ ጨርቅ በበርሜሉ ውስጥ ያሳልፉ፤ ቀላ ብሎ ከወጣ ዝገት ጀምሯልና ዘይቱን ቀብተው ያሳድሩት፣ በማግስቱም ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይወልውሉ። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አያቆዩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።